ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት ቆርቆሮውን ክፈቱ

በእናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ሲከፈት ፎቶ ቤት የሰጣቸው ትናንሽ የወረቀት ፖስታዎች ይወጣሉ፤ በፖስታዎቹ ውስጥ በአራት በአምስት ምስል የተቆራረጠ ፊልም፣ ማለትም ኔጋቲቭ። የታተሙት ፎቶዎች አብዛኞቹ የሉም። አንዱ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ተልኳል፣ ሌላው ለለቅሶ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል፣ ሌላው ከአልበሙ ላይ ተልጦ ጠፍቷል። ኔጋቲቩን ግን የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ማንም ሳይነካው ተቀመጠ።

አንዱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። ፀጉሯ የነጣ፣ ጥቁር ነጠላ ያጣፋች ሴት ታየችኝ። አያቴ ናት አልኩ። ምስሉ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ሲወጣ ግን ነጩ ፀጉር ጠቆረ፣ ጥቁሩ ነጠላ ነጣ፤ አያቴ ያልኳት ሴት በሃያዎቹ ዕድሜ ያለችው እናቴ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ጓደኛ ሁሉ “እናንተ ቤት ኔጋቲቭ የለም?” እያልኩ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው አለው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ሁሌ አንድ ነው፦ “ታዲያ የትኛውን ስካነር ልግዛ? ዋጋው የማይጎዳ ንገረኝ።”

እነግራችኋለሁ። ግን ቀድማችሁ ፊልሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉልኝ፤ ስካነሩን የሚመርጥላችሁ እሱ ነው።

መጀመሪያ ስፋቱን እዩ። በሁለቱም ጠርዝ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ከሆነ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየቤቱ ያለው ፊልም አብዛኛው ይኸው ነው። ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ቀዳዳዎቹን ጨምሮ ነው፤ ምስሉ ራሱ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከአንድ ቴምብር ብዙም አይበልጥም። ቀዳዳ የሌለውና 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ 120 የሚባለው ፊልም ነው። ፎቶ ቤቶች ይወዱት ነበር፤ ስለዚህ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱ ወላጆች ያሏችሁ በደንብ ፈልጉ። ቀጥሎ ቀለሙን እዩ። ወደ ብርቱካንማ ቡናማ የሚያደላ ከሆነ የቀለም ፊልም ነው፤ ግራጫ ከሆነ ጥቁርና ነጭ። ይህች የቀለም ልዩነት በኋላ ብዙ ገንዘብ ልታተርፍላችሁ ትችላለች፤ እመለስባታለሁ። በመጨረሻም ቁጠሩት። 3 ፊልም ያለውና 60 ፊልም ያለው ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ መግዛት የለባቸውም።

ቢሮ ያለው ተራ ስካነር ለምን አይሆንም? ወረቀት ሲነበብ መብራቱ ከታች ይመጣል፣ ወረቀቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ማሽኑ የተመለሰውን ያነባል። ፊልም ግን ልክ እንደ መስኮት ነው፤ ምስሉ የሚታየው ብርሃን ሰንጥቆት ሲያልፍ ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራ ጠፍጣፋ ስካነር ክዳኑ ውስጥ ሁለተኛ መብራት አለው፤ ከላይ ያበራል፣ ከታች ያነባል። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ የሚነሳ ነጭ ሽፋን ካለም አንስታችሁ፣ ነጭ ፕላስቲክ ብቻ ካያችሁ፣ ያ ማሽን ለፊልም አልተሠራም። ያ መብራት ቢኖርስ? ያኔ ወደ ቁጥሩ እንመጣለን፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው።

ካርቶኑ ላይ 4,800፣ 6,400፣ 7,200 ዲፒአይ የሚሉ ቁጥሮች በትልቁ ይጻፋሉ። ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ፣ ማሽኑ ስንት ነጥብ ይወስዳል ማለት ነው። እስቲ እናስላው። የ35 ሚሊ ሜትሯን ትንሽ ምስል በ2,400 ዲፒአይ ብናነባት 2,268 በ3,402 ነጥብ ትሆናለች፤ 7.7 ሜጋፒክስል ገደማ። ይህ በጥሩ ጥራት 19 በ29 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል፤ ለግድግዳ ፍሬም የሚበቃ ነው። እንግዲህ 2,400 ይህን ያህል ከሠራ 6,400 ምን ሊያደርግ ነው ትላላችሁ። ችግሩ ካርቶኑ የሚቆጥረው ነጥቡን ነው፤ የነጥቡን ጥራት የሚወስነው ሌንሱ ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ጋዜጣውን መቶ ጊዜ ቢያነሳው ፊደሉ አይጠራለትም። ደካማ ሌንስ ያለው ስካነርም 6,400 ነጥብ ይወስዳል፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ያሉት ነጥቦች አንዱ ከሌላው የተለየ ነገር አይነግሩንም።

ይህ በግምት የሚባል ነገር አይደለም፤ ይለካል። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው እየጠበቡ የሚሄዱ መስመሮች ያሉት የመለኪያ ሰሌዳ አለ። እሱን ስካን ታደርጉና መስመሮቹ የሚደባለቁበትን ቦታ ትፈልጋላችሁ፤ የማሽኑ ትክክለኛ አቅም እዚያ ላይ ነው። በቤት ተጠቃሚዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ጠፍጣፋ ስካነር ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ካርቶኑ 6,400 ይላል፤ ሲለካ ግን የሚሰጠው 1,600 ገደማ ነው። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ብቻ የተሠራው ትንሹ ፕላስቴክ ኦፕቲክፊልም 8100 ደግሞ 7,200 ይላል፤ ሲለካ ከ3,000 ያልፋል። ሁለቱም ካርቶኖች አጋነዋል፤ ግን ፕላስቴኩ የቪ600ን እጥፍ ያህል ያያል።

ስለዚህ ቪ600 መጥፎ ነው? አይደለም! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በ1,600 ዲፒአይ የ35 ሚሊ ሜትሩ ምስል 3.4 ሜጋፒክስል ነው፤ በቴሌግራም ለዘመድ ለመላክ፣ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ግን ይሳሳል። ያው ማሽን 6 በ6 የሆነውን የ120 ፊልም ሲያነብ ግን ምስሉ በየጎኑ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ12 ሜጋፒክስል በላይ ይወጣል። ማሽኑ አልተቀየረም፤ ፊልሙ ሰፋ። ቆርቆሮውን ክፈቱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የፎቶ ቤት 120 ፊልም ያለው ሰው በቪ600 በጣም ይደሰታል፤ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ያለው ሰው በዚያው ገንዘብ አካባቢ የተሻለ ማግኘት ይችላል።

ልዩነቱን እኔ ያየሁት በአንድ ምስል ነው። አጎቴ ከአንድ ሱቅ ፊት ቆሞ የተነሳው ነው። በጠፍጣፋው ስካነር ሳወጣው ከኋላው ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ነጭ ላይ የተቀባ ጥቁር ሰረዝ መስሎ ታየኝ። ከጓደኛዬ በተዋስኩት የ35 ሚሊ ሜትር ስካነር ስደግመው ሰረዙ ፊደል ሆነ፤ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። አጎቴም ቦታውን የለየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሱፉን የሰፋለት ሰው ቤት!

አሁን ወደ ቀለሙ ልመለስ። ፊልም ላይ አቧራ አለ፤ የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ አለ። ትንሿ ምስል ስትሰፋ አንዲት ብናኝ የሰው ጉንጭ ላይ ጠባሳ ታክላለች። በኮምፒውተር አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ለአንድ ምስል ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በጣም ይገርመኛል። የቀለም ፊልም ምስል የተሠራው ከማቅለሚያ ነው፤ ማቅለሚያው ደግሞ ለኢንፍራሬድ ብርሃን አይታይም፣ ብርሃኑ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። አቧራ፣ ፀጉርና ጭረት ግን ኢንፍራሬዱን ይከለክሉታል። ስለዚህ ማሽኑ በተለመደው ብርሃን ምስሉን ያነባል፣ በኢንፍራሬድ ደግሞ ቆሻሻውን ብቻ ያነባል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ቆሻሻው ያለበትን ቦታ ዙሪያውን አይቶ ይሞላዋል። ኤፕሰን ላይ ዲጂታል አይስ ይባላል፤ ቪ600 አለው።

የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን የተሠራው ከብር ነው፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው። ብር ኢንፍራሬድን ይከለክላል፤ ማሽኑም የእናታችሁን ነጭ ነጠላ እንደ አቧራ ቆጥሮ ሊጠርገው ይነሳል። ለዚህ ፊልም ይህን ነገር አጥፉት። እንደ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ያሉ በቀለም ፊልም መንገድ የሚታጠቡ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች አሉ፤ እነሱ ላይ ይሠራል። ከግዢው ጋር የሚያያዘው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ፕላስቴክ 8100 ኢንፍራሬድ የለውም፤ 8200አይ የሚባለው አለው፣ በዚያው ልክም ይወደዳል። ቆርቆሯችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ለኢንፍራሬድ የምትከፍሉት ገንዘብ በከንቱ ነው፤ 8100 ውሰዱ። የቀለም ከሆነ ግን በዚህ ላይ አትቆጥቡ። በሌላው ሁሉ ቆጥቡ፣ በዚህ ግን አትቆጥቡ።

የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ሁሉም 35 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጥራት ከፈለጋችሁ፣ ከፕላስቴኮቹ አንዱ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፊልሙን በእጃችሁ ከምስል ወደ ምስል እየገፋችሁ ነው የምትሠሩት፣ አንድ ባለ 36 ፊልም አንድ ምሽት ይወስዳል። 120 ካለ፣ ወይም 35ቱና የታተሙት ፎቶዎች ተቀላቅለው ካሉ፣ ቪ600። መያዣው በአንድ ጊዜ 12 የ35 ሚሊ ሜትር ምስል ይይዛል፤ አስገብታችሁ ቡና ማፍላት ትችላላችሁ። የኤፕሰን ትልቁ ወንድም ቪ850 በርግጥ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ከዛሬው ጨዋታችን ውጭ ነው።

አንድ ትንሽ ሣጥን የምትመስል፣ ኮምፒውተር የማትፈልግ፣ በሁለት ሴኮንድ አንድ ምስል የምታወጣ ርካሽ ዕቃም ታገኛላችሁ። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እሷን ነበር። ውስጧ ያለው ትንሽ ካሜራ ነው፤ ፊልሙን ከኋላ አብርቶ ፎቶ ያነሳዋል። ፈጣን ናት፤ ምን ምን እንዳለ ለማየት ትጠቅማለች። ነገር ግን የነጭ ነጠላው ጥለት ጠፍቶ ወረቀት መሰለ፣ ጥቁሩ ሁሉ አንድ ጥቁር ሆነ፣ ሁሉንም እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ያን ገንዘብ አስቀምጡት።

ያገለገለ ዕቃ የማትፈሩ ከሆነ ግን ሌላ በር አለ። ኒኮን ኩልስካን የሚባሉትን የፊልም ስካነሮች መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ኮኒካ ሚኖልታም ከፎቶ ሥራ ጨርሶ እንደሚወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 አስታወቀ። የሁለቱ ማሽኖች ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ኩልስካን 5 የሚባለው 4,000 ዲፒአይ ይላል፤ ኒኮን ያለውን ቁጥር በአብዛኛው ያደርሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን ጠይቁ። ዩኤስቢ ከሆነ ደግ ነው፤ ስካዚ ወይም ፋየርዋየር ከሆነ የዛሬ ላፕቶፕ መሰኪያው የለውም። የድሮው የኒኮን ፕሮግራም አዲስ ኮምፒውተር ላይ ባይሠራ አትደንግጡ፤ ቪውስካን የሚባል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሠሪዎቻቸው የተዋቸውን ስካነሮች ሕያው እያደረገ ነው። ውስጡ ያለው መስታወት አቧራ ከጠጣ ግን ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል፤ ስለዚህ ሻጩ አንድ የናሙና ስካን እንዲያሳያችሁ ለምኑት።

ሌንሱ የሚቀየር ዲጂታል ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ስካነር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በጣም ቀርቦ የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ፣ ከሥር የሚያበራ ጥሩ ነጭ የኤልኢዲ ሰሌዳ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች የሚይዝ መቆሚያ፤ በቃ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በጥንቃቄ ከተሠራበት ከቪ600 በግልጽ ይበልጣል፤ አንዱን ፊልም በ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ካሜራው ከፊልሙ ጋር ትይዩ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቀላሉ ዘዴ ፊልሙ ቦታ ላይ ትንሽ መስታወት አስቀምጦ ካሜራው የራሱን ሌንስ ልክ በምስሉ መካከል እስኪያይ ማስተካከል ነው። ምስሉን ለመገልበጥ ዳርክቴብል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለኔጋቲቭ ብቻ የተሠራ መሣሪያ አለው፤ ያን ብርቱካንማ ሽፋንም ያነሳላችኋል። ኢንፍራሬድ ግን በዚህ መንገድ የለም፤ አቧራውን በእጅ ነው የምታጸዱት። 60 ፊልም ላለው ሰው እኔ ይህን እመክራለሁ፤ ካሜራው ቤቱ ካለ ብቻ።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ አዲስ አበባ 220። ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት የኃይል መቀየሪያዋ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ትክክል ነው፤ እስከ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ለ220 የሚሆን ሌላ ፈልጉላት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ሃያ ምስል አጠራቅማችሁ ሳይሆን እያንዳንዱን ቁራጭ ስትጨርሱ እያስቀመጣችሁ ሂዱ።

ሥራው ላይ ስትቀመጡ ፊልሙን በጠርዙ ያዙ፤ የጣት ቅባት ከአቧራ የባሰ ነው። በጋ ላይ ከሆነ መስኮቱን ዝጉ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ፊልሙን በጎማ መንፊያ አራግፉት። በአፋችሁ አትንፉት፤ ምራቅ ይረጫል። የፊልሙ አንዱ ወገን ያብለጨልጫል፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ በትክክል የሚነበበው በሚያብለጨልጨው ወገን ሲታይ ነው። መያዣው ውስጥ በተሳሳተ ወገን ከገባ አባታችሁ ግራኝ ሆኖ ይወጣል። የተጠማዘዘ ፊልም ጫፉ ስለማይጠራ፣ ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ሥር ጥቂት ቀን አሳድሩት። ቪ600 ላይ 6,400ን አትምረጡ፤ አንድ ምስል ከ300 ሜጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል፣ የሚጨምርላችሁ ዝርዝር ግን የለም። 2,400 ይበቃዋል። ፕላስቴክ ላይ ተቃራኒው ነው፤ የማሽኑን ሙሉ አቅም ለማግኘት በ7,200 አንብባችሁ በኋላ በግማሽ ታሳንሱታላችሁ። በጣም የምትወዷቸውን በቲፍ፣ ሌላውን በጄፔግ አስቀምጡ። የፋይሉ ስም ላይ የፖስታውን ቁጥርና የምስሉን ተራ ጻፉ፤ ፖስታው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም በእርሳስ የተጻፈ ቀን ካለ ፖስታውንም በስልክ ፎቶ አንሱት።

በየትኛው ልጀምር ካላችሁ አፍንጫችሁን ተከተሉ። ብዙው የድሮ ፊልም የተሠራው አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው እየፈረሰ አሲድ ያወጣል፣ የሚወጣውም አሲድ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። አንዴ ከጀመረ ራሱን ያፋጥናል፤ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይሸበሸባል፣ መያዣው ውስጥ አልገባም ይላል፤ ጎኑ ያለውንም ያስጀምረዋል። የእናቴን ቆርቆሮ ስከፍት ከአንዱ ፖስታ እንዲህ ያለ ሽታ መጣ። በዚያው ሌሊት ለብቻው አውጥቼ፣ ሽታው እንዲወጣ ፖስታውን ክፍት ትቼ፣ እሱን አስቀድሜ ስካን አደረግሁ። 22 ምስል ወጣ። ጠርዛቸው መሸብሸብ ጀምሯል፤ መካከሉ ግን ገና ደህና ነው።